በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ

በወረቀት ፋብሪካው ውስጥ አንድ ማራገቢያ በሰከንድ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ጊዜ ዞረ። የዞረው ኮምፒውተር ላይ ነው እንጂ በእውነት ቢሆን ኖሮ ጣሪያውን ነቅሎ፣ የጥገናውን አለቃ ከነወንበሩ አንጠልጥሎ፣ ሦስት ሰፈር አልፎ ባረፈ ነበር። አንዳንድ ሠራተኞች ይህ ሳይሆን በመቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ልጅቷ ከቢሮዋ ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ የወረደችው በዚህ ምክንያት ነበር። ለፋብሪካው አዲስ ናት። ሥራዋ የማሽኖችን ንዝረት በስክሪን እያየች የትኛው ሊታመም እንደሆነ ቀድሞ መናገር ነው። እናቷ ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታት «ጠንቋይ ሆናለች፤ ግን በደመወዝ» ብላ ገላግላዋለች።

ንዝረቱን ለክቶ የሚልክላት አንድ ቴክኒሻን ነው። እርሳስ የምታህል መዳሰሻ በየሞተሩ ጎን ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ሲያዩት የታመመ ደረት የሚያዳምጥ ስለሚመስል ሠራተኛው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል።

«ሐኪሙ አንተ ነህ?»

«ምን አመመሽ?»

«እኔን አይደለም፣ ማራገቢያህን ነው ያመመው። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ብለህ ልከሃል። ምን? በግ? ኪሎ?»

«ዙር ነዋ!»

«ዙር በምን?»

ጥያቄው ለሕፃን የሚቀርብ ይመስል አያት። «በደቂቃ። ሌላ በምን ይዞራል?»

«እኔ ጋ በሰከንድ ነው የሚዞረው። የእኔ መለኪያ ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ ማለት። ያንተን ለስልሳ ታካፍላለህ፣ ሃያ አራት ከምናምን ይመጣል። በቃ! ለስልሳ! በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰከንድ ነው ያለው?»

«እንደ ሁኔታው ነው» አለ ሐኪሙ። «አለቃ ስብሰባ ላይ ሲናገር ከሆነ ስድስት ሺህ።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ግን ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ስልሳ» ሆነ። ስሙን ያወጣው እሱ ነው፤ ያሠራጨው የሠራተኞች ክበብ ነው። ከእናቷና ከደመወዝ ክፍሉ በቀር ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

በማግስቱ የላከላት ቁጥር እንዲህ ይል ነበር፦ «1480 ዙር በደቂቃ (በግ አይደለም)።»

ፋብሪካው የሚያመርተው ወረቀት ነው። ካመረተው ግማሹን ቢሮው ራሱ በማመልከቻ፣ በማስታወሻና በማስጠንቀቂያ ይፈጀዋል። አዳራሹ ውስጥ እንፋሎት እንደ ጉም ይተኛል፤ ልብስ ሁሉ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላል። የወረቀቱ ብናኝ ፀጉር ላይ ስለሚያርፍ ከሥራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሸብቶ ነው የሚወጣው። ወጣቶች ሳይጋቡ እርጅናቸውን የሚተያዩበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ መኖሩ ያጠራጥራል።

«ስታረጂ ይኸው እንዲህ ነሽ» አላት አንድ ቀን፣ በር ላይ።

«እንዴት ነኝ ታዲያ?»

«አያስከፋም። ግንባርሽ ላይ ትንሽ ቀርቷል።» እጁን ወደ ግንባሯ አነሣ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ኪሱ ከተተው።

«አንተስ? አንተ ስታረጅ እንዴት ነህ?»

ሐኪሙ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው። ይህን ግን እንዳልሰማ ሆኖ ቀድሟት ወጣ።

ከፋብሪካው ጀርባ የተጣሉ የካርቶን ጥቅሎች ነበሩ። ሻይ የሚጠጡት እዚያ ላይ ተቀምጠው ነው። እሱ የማያውቀውን ሲጠይቅ አያፍርም፤ እሷን መጀመሪያ የማረካትም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ይኼ ራዲያን የሚሉት ደግሞ ምንድነው? ማሽኑ ላይ ሦስተኛ ምርጫ ብሎ አስቀምጦታል።»

«የአንድን ክብ ነገር ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ያለውን ርዝመት በክር ትለካለህ። ክሩን ጠርዙ ላይ ትጠመጥመዋለህ። እሱ የሸፈነው አንድ ራዲያን ነው። ሙሉ ዙር ለመምጣት ስድስት ክር ይፈልጋል፣ ከሩብ ትንሽ በለጥ ያለ ጭማሪ አለው።»

«አሁን ይኼ ሁሉ መከራ ለምን? ዞረ፣ ዞረ ነው።»

«ነገሩማ ያው አንድ ነው። አጠራሩ ነው የሚለያየው፣ ማሽኑ ግድ የለውም። እጅህን ስጠኝ ላሳይህ።»

ግራ እጁን ሰጣት። መዳፉ ላይ በጥፍሯ ክብ ሣለችለት፤ ክቡን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግማ ሣለችው። ቀኝ እጁ እንደ ወትሮው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ወንድ ልጅ እጁን ኪሱ ከከተተ ወይ ኩራት ነው፣ ወይ ቁልፍ ጠፍቶበታል። ስልሳ ኩራት ነው ብላ አልፋዋለች፤ እንዲያውም ትወድለት ነበር።

«በቀን ስንት ጊዜ ታስቢኛለሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዴ።»

«ወደ ሄርዝ ቀይሪው።»

ዓይኗን ጨፍና አሰላች። «ዜሮ ነጥብ፣ ከዚያ አራት ዜሮ፣ ከዚያ አንተ።»

እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ከዚያ በፊት ለማንም የተነገረ አይመስልም። ሐኪሙ ግን ሳቀና ሻዩን ጠጣ፤ ብርጭቆውን በግራ እጁ ነበር ያነሣው።

የስልሳ እናት ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «ይኼ ልጅ አለ ወይስ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው? ቤት ይምጣና እንየው እንጂ! ፎቶ እንኳ የለውም እንዴ? ዘመኑ'ኮ ድመት ሁሉ ፎቶ ያለበት ነው።»

ስልሳ ጋበዘችው። ፈረቃ ሆነበት። እንደገና ጋበዘችው፤ አጎቱ መጣ። ለሦስተኛው ጉንፋን ያዘው፤ ለአራተኛው እንደገና አጎቱ መጣ። ያ አጎት ከየት እንደሚመጣና ለምን እሑድ እሑድ ብቻ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ታሰላስል ጀመር፤ የሚወድ ሰው የሚወዳትን ልጅ እናት ለምን ይሸሻል? መልሱ ከሁለት አያልፍም መሰላት፤ ወይ ሌላ አለችው፣ ወይ አይፈልጋትም። ሦስተኛ መልስ ሊኖር እንደሚችል አልታያትም።

እሾሁ የበቀለው በዚያው ሰሞን ነው።

በስክሪኗ ላይ እያንዳንዱ ንዝረት በየድግግሞሹ ተለይቶ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፓምፑ እሾህ የሚቆምበት አለው፣ የማራገቢያውም እንዲሁ። አሁን ግን ማንም ያልጋበዘው አንድ እሾህ አምስት ሄርዝ ላይ ቆመ። ትንሽ ነው፤ ግን በሁሉም ማሽን ላይ አለ። ፓምፑ ላይ አምስት። ማራገቢያው ላይ አምስት። መቁረጫው ላይ አምስት። መዳሰሻ የያዘ ማንም እጅ ትንሽ እንደሚናወጥ ታውቃለች፤ እሱ ግን የተበታተነ ሣር ነው የሚመስለው። ይህ ሣር አልነበረም።

«አምስት በስልሳ ሲባዛ ሦስት መቶ» አለችው። «በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ የሚዞር አንድ ነገር ሕንፃውን በሙሉ እያናወጠ ነው። ምን አለን ሦስት መቶ የሚዞር?»

ሐኪሙ ወደ መሬት እያየ ነበር። «ማደባለቂያው» አለ።

«የትኛው?»

«የወረቀት ሊጡ ገንዳ ውስጥ ያለው። እሱ ነው። በእርግጠኝነት እሱ ነው።»

ወርዳ አየችው። ማደባለቂያው ጎን ላይ በተለጠፈው ብረት 298 ይላል። ደስታዋ ወሰን አጣ። ለአለቃው ተናገረች፤ አለቃውም ፋብሪካው ለዓመታዊ ጥገና በሚቆምበት ቀን ማደባለቂያው እንዲፈታ አዘዘ። ሐኪሙ ያን ቀን ሙሉ አላናገራትም። በግኝቷ የቀና መሰላት። ሞኝ ካላችኋት አትሳሳቱም፤ ግን በፍቅር ላይ ያለ ሰው ያላበደውን አሳዩኝ።

ፋብሪካው ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ የኖረ ቤት ድንገት ዝም ሲል ጆሮ ይደነግጣል፤ ሰዎች ያለ ምክንያት ይንሾካሾኩ ነበር። ማደባለቂያው ተፈታ። ጥርሱ ደህና፣ ዘንጉ ደህና፣ ኩሽኔታው እንደ አዲስ።

«ጥሩ ነው» አለ አለቃው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «የጤነኛ ሰው ሆድ ቀደን አየን። አሁን ማን ይሰፋዋል?»

የስልሳ ፊት ቀላ። «አንድ ነገር ልሞክር። ምናልባት ከውጭ የሚመጣ ይሆናል፣ ከመንገዱ። ሁሉም እንደቆመ አንዱን ሞተር እንለካው።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ይኼን ፓምፕ።»

«የቆመ ነገር ምኑ ይለካል?» አለ ሐኪሙ።

«ለካ እንጂ!» አለ አለቃው።

ሐኪሙ መዳሰሻዋን ከቦርሳው አወጣ። ሁሉን ነገር በግራው ሲይዝ ስላየችው ይህንንም በግራው የሚይዝ መስሏት ነበር፤ አለቃው ግን በግራው በኩል ተጠግቶ ስለቆመ መፈናፈኛ አልነበረም። በቀኝ እጁ ይዞ የቀዘቀዘው ፓምፕ ላይ ደገፋት።

ስልሳ ስክሪኑን አየች። ፓምፑ ቆሟል። ማራገቢያው ቆሟል። ማደባለቂያው መሬት ላይ ተበትኗል። በዚያ ሁሉ ሙት ብረት መካከል አምስት ሄርዝ ላይ አንድ እሾህ፣ ብቻውን፣ ከመቼውም ይልቅ ጠርቶ ቆሟል።

ከስክሪኑ ቀና አለች። ከዓይኑ ጋር ተገናኘች። ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ወደ እጁ አወረደች።

አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ፍሬ የሚያሹ ይመስሉ ነበር። በሰከንድ አምስት ጊዜ። በደቂቃ ሦስት መቶ።

«ምን ይላል?» አለ አለቃው አንገቱን አስግጎ።

ስልሳ የመሣሪያውን ገመድ ነቀለችው። «መሣሪያው ነው። ገመዱ ላልቷል። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እግዚኦ!» አለ አለቃው። «ለገመድ ብለን ማደባለቂያ ገደልን!»

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ጥቅሎቹ ላይ፣ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እንደ ተያዘ ወፍ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ሳትመጪ ጣቴ ብቻ ነበረች።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደሃል? እውነተኛው ዘንድ?»

«ሄጃለሁ። የአባቴ በሽታ ነው፤ ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መጀመሪያ ክር በመርፌ ማስገባት አቃተው፤ መነጽር ቀየረ። ከዚያ ቁልፍ መትከል አቃተው፤ ያኔም መነጽር ቀየረ። አራት መነጽር ገዛን፣ ስልሳ። ዓይኑ ደህና ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ ሌላ ሴት አለችው ብዬ...»

«ብትኖረኝ ይሻልሽ ነበር። ከእሷ ትገላገያለሽ።» እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። «አሁን አወቅሽ። ቤትሽ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። እናትሽ ፊት ሻይ ይዤ እንድቀመጥ ነው የምትፈልጊው? ሂጂ በቃ። አልቀየምሽም።»

«አለቃው ቢያውቅስ?»

«መዳሰሻ የሚይዝ እጅ ተንቀጥቅጦ ምን ሥራ አለው?»

ስልሳ አልሄደችም። ግን የሠራችው ሥራ ከመሄድ የሚሻል መሆኑን ለመናገር ይከብዳል።

ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ማጣሪያ ከፈተች። ከአሥር ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ እንዳይታይ አዘዘችው። እሾሁ ጠፋ። በሁሉም ማሽን ላይ ጠፋ። የምትወደውን ሰው እጅ በአንድ ጣት ንክኪ ፈወሰችው፤ ለስክሪኑ።

አለቃው ተደሰተ። «አየሽ፣ ገመዱን መቀየር ብቻ ነበር!» አላት። አለቃው ንጹሕ ነገር ይወዳል፤ ንጹሕ ነገር አይነበብም፣ ይፈረማል ብቻ።

ከአሥር በታች ሌሎችም እንደሚኖሩ አላጣችውም። በእንፋሎት የሚሞቁት ትልልቆቹ የማድረቂያ ሮለሮች በደቂቃ መቶ ሰማንያ ነው የሚዞሩት፤ ሦስት ሄርዝ። ይህን በልቧ አንድ ጥግ አስቀምጣ በሩን ዘጋችበት። አርጅተው የማያውቁ ናቸው፣ ወድቀው የማያውቁ ናቸው፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ራሱን ሲያታልል ደግሞ ለጋስ ነው፤ ለአንዱ ውሸት ሦስት ምክንያት ይሰጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ሐኪሙ ቢሮዋ ድረስ ወጣ። ከዚያ በፊት ወጥቶ አያውቅም።

«ሮለሩ ሥር ወረቀት የሚለቅሙት ሴቶች ጠርተውኝ ነበር። አንዷ "ወለሉ ጫማዬን ይመታኛል" አለችኝ። ለክቼ ልኬልሻለሁ። ምን ይላል?»

«ደህና ነው።»

«ሦስት ላይ ምንም የለም?»

«የለም።»

«እስቲ ስክሪኑን አዙሪልኝ።»

አላዞረችም። ዞሮ መጣና ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ አየ። ትንፋሹ አንገቷ ላይ ነበር። ከአሥር ወደ ታች ያለው ሥዕል እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ነው።

«ይኼ ሮለር እየዞረ ነው'ኮ፣ ስልሳ። ጤነኛ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ይታያል።» ትንሽ ቆየ። «የእኔስ? የእኔ እጅ የት ሄደ?»

ስልሳ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«ደብቀሽኛል።»

«ደብቄሃለሁ።»

«ከእኔ ጋር ሴቶቹንም ቀብረሻቸዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይባረር ብዬ ልየው?»

«ክፈቺው።»

ማጣሪያውን አነሣችው። ሦስት እሾሆች ብቅ አሉ። አንዱ ሦስት ላይ፣ ሌላው ስድስት ላይ፤ ሁለቱም እንደ ምሰሶ ረጅም። ሦስት ላይ ሮለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አንዴ ይመታል፤ ስድስት ላይ በአንዱ ዙር ሁለቴ። ዘንግ ሲሰነጠቅ የሚያሳየው መልክ ነው፤ ትምህርት ቤት ሥዕሉን አይታዋለች። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል፣ አምስት ላይ፣ የሐኪሙ እጅ ቆሟል።

ስልሳ ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ ልውረድ። እኔ ልለካው። በእኔ እጅ ሲለካ አምስቱ አይኖርም፤ ለአለቃው የእኔን አሳያለሁ። አንተን ማንም አያይህም።»

«ዛሬ አንቺ ትለኪያለሽ። ነገስ?»

«ነገም እኔ!»

«ስልሳ።» ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። ቀኙ ጉንጯ ላይ ይመታ ነበር፤ ፈጣን፣ ቀላል፣ የማያቋርጥ። «ሴቶቹ እዚያ ሥር ናቸው። ሂጂ አስቁሚው።»

እሷ ወደ ታች ሮጠች። እሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ አለቃው ቢሮ፣ እጁን ሊያሳይ።

ማሽኑ ቆመ። ከሰዓት በኋላ የሮለሩ ጫፍ ሲከፈት ዘንጉን ግማሽ ያህል የከበበ ስንጥቅ ተገኘ፤ ጥፍር ያስገባል። ሴቶቹ መጥተው አዩት። አንዷ ጫማዋን አየች፤ ከዚያ ሄዳ ውጭ ተቀመጠች።

ለበላይ በተላከው ሪፖርት ላይ አደጋው የተገታው «በአመራሩ ንቁ ክትትል» ነው። ስልሳ ስለ ማጣሪያው ራሷ ስለተናገረች ከባድ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ፋብሪካው ካመረተው ሁሉ ምርጥ በሆነው ወረቀት ላይ ተጽፎ። ሐኪሙን «ለጤንነቱ ሲባል» ወደ መጋዘን አዛወሩት። ለጤንነቱ ሲባል ደግሞ ውሉ ሲያልቅ አላደሱለትም። ሲሰናበት ከክበቡ ሰዎች አንዱ ሊጨብጠው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለስ አደረገው። የሚጋባ በሽታ አለመሆኑን ማን ይንገረው?

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣም። ስልሳ እሑድ ጠብቃ ቤቱ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት እናቱ ነበረች፤ አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ክንዶቿ ግን ሸክም የለመዱ። «አንቺ ነሽ ስልሳ» አለች። አልጠየቀችም። «ተኝቷል። ግቢ።»

ሳሎኑ ውስጥ የአባትየው የስፌት መኪና በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። አጠገቡ አንድ የእንጨት ወንበር አለ፤ የቀኝ መደገፊያው ጫፍ ላይ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ጎድጉዷል። ስልሳ በጣቷ ነካችው፤ ምን እንደፋቀው ሲገባት ጣቷን አነሣች።

«ልጄ» አለች እናትየው። «ልጄን ተይው አልልሽም። ውሰጂው ብዬም አልዋሽሽም። እጁ ምንም አይደለም። ሰው የሚያየው እጁን ነው፤ እጁ ከሁሉም የሚቀለው ነው። አባቱን በማንኪያ አጉርሼዋለሁ። አልጋው ላይ ገልብጬዋለሁ። እኔን የከፋኝ ግን ፊቱ ነው። አንድ ቀን ፊቱ ቆመ። አይስቅም፣ አይቆጣም። ይውደደኝ ይጥላኝ ከዓይኑ ብቻ ነበር የማነበው፤ ሲመሽ ደግሞ ዓይኑም አይታየኝም።»

«ቀድመው ቢነግሩዎት ኖሮ አያገቧቸውም ነበር፣ እማማ?»

እናትየው የስፌት መኪናውን ጨርቅ ሳይጣመም አስተካከለችው።

«ቢነግሩኝ እሮጥ ነበር፣ ልጄ። ወዴት እንደምሮጥ ነው የማላውቀው።»

የውስጡ በር ተከፈተ። ሐኪሙ ሸሚዙን በግማሽ ቆልፎ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ሰማሽ አይደል?» አላት። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እናቴ እሑድ ትጠብቅሃለች።»

«አብደሻል?»

«አጎትህ ቢመጣም ይዘኸው ና።»

«አትቀልጂ! እኔ አንቺን ነርስ ላደርግሽ ነው የምወድሽ? ስንት ዓመት አለኝ? ከዚያስ ማንን ትወጃለሽ፣ ወንበሩን?»

«አላውቅም» አለች ስልሳ። ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ግን ድምፅዋ አልተሰበረም። «ምንም አላውቅም። እፈራለሁ። ትናንት ማታ በጣም ስለፈራሁ መብራት አላጠፋሁም። ፊትህ ይቆማል እየተባልኩ ነው። እሺ ይቁም። እስኪቆም ድረስ ግን ለሌላ ሰው እንድትስቅ አልፈልግም።»

እናትየው አንዱን አይታ ሌላውን አየች። ከዚያ ተነሥታ የልጇን ሸሚዝ ቀሪ ቁልፎች ልትቆልፍለት እጇን ዘረጋች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው።

«አንቺ ቆልፊለት» አለች። «ትልመጂ።»

የስልሳ እናት ነገሩን ስትሰማ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን «ቢያንስ ልጁ አለ ማለት ነው» አለች። እሑድ ሐኪሙ መጥቶ ሻይ በቀረበ ጊዜ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ሞልታ ሰጠችው። ሐኪሙ ጠጣው፤ ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ፈሰሰ። የስልሳ እናት ከራሷም ብርጭቆ ጥቂት አፈሰሰችና «ይኼ ጠረጴዛ ድሮም ሚዛን የለውም» ብላ በጨርቅ ጠረገችው።

የተጋቡት በመዝጋቢው ቢሮ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ። ከበስተኋላቸው ሌሎች ሦስት ጥንዶች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ሙሽራ በረጅም ተረከዝ ደክሟት ግድግዳ ተደግፋለች። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

መዝጋቢው ከእርጅናው ይልቅ ከመሰልቸት የጎበጠ ሰው ነበር። ስልሳ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶው ወደ ሐኪሙ ዞረ።

ሐኪሙ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ አድርጎ ተነሣ፣ ነካ አድርጎ ተነሣ። ትንንሽ ነጥቦች መስመሩ ላይ ተረጩ። ስልሳ እጇን ልትዘረጋ አሰበች፤ ተወችው። የሱ ስም ነው፤ እሱ ነው የሚጽፈው።

መዝጋቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እጁን አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ፣ በዚያ ቀን ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግታ መጣ።

«አይዞህ፣ የኔ ወንድም» አለው። «እዚህ ሙሽራ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ትናንት የፈረመው እንዲያውም እስክሪብቶውን ሰብሮብኛል። ነገ ጠዋት ስትነሣ ይለቅሃል።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ሙሽራዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እናቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪሙ ስልሳን አያት። ረጅም አያት፤ ከዚያ በሙሉ ፊቱ ሳቀ።

«እሺ» አለው መዝጋቢውን፣ እና ፈረመ።